ትርፍ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ ከመሀረቤ ጫፍ የታሰረው፣
ሠላሳ ዓመት ትኬት የቆረጥኩበትን ጣቢያ የምከፍትበት፤
የብረት ሳጥኑ በገመድ ተንጠልጥሎ ማዕድን ቆፋሪ ያመላለሰበት፣
ገመዱ አርጅቶ፣ ሹሙም ረስቶት፣ ዝገት የወረሰው።

"ዡዡና፣ ክፈቺ" ይሉኛል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማምሻውን፤
እከፍታለሁ። መጀመሪያ ብርዱ ይወጣል፣
ከዚያ እኛ እንገባለን፣ ተራ ጠብቀን።

ደመወዝ የለንም። የቧንቧ ሠራተኛው ማልኻዝ ፎቶ ያስተምራል፣
አንድ ካሜራ ለአሥራ አንድ ሰው፤ ሌንሱም ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣
ስለዚህ በከተማችን ፎቶ ሁሉ ላይ፣ በሠርግም፣ በለቅሶም፣
ከቀኝ በኩል አንድ ቀጭን መብረቅ አለ፤ ዝናብ የለም፣ ደመናም።

የትኬት መስኮቴ ጨለማ ክፍል ሆናለች፣ በብርድ ልብስ ተጋርዳ፤
በሳህን ውሃ ውስጥ ፊት ሲወጣ አየሁ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ እንግዳ፣
መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ ቁጣው፤
ኋላ ነው ቁጣ አለመሆኑ የገባን፣
ፀሐይ ነበረች ዓይኑን የወጋችው።

ኔስታን ፋርማሲ ውላ ትመጣለች፣ ሥዕል ልታስይዝ፤
ቀለሙ ግን ያው አንዱ ነው፣ ሆስፒታሉ ሲታደስ የተረፈ፣
አሥራ ሁለት ባልዲ አረንጓዴ።
ባሕሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ አረንጓዴ፣ የሙሽራዋ ጉንጭ አረንጓዴ፤
"በረዶስ?" ሲሏት ልጆቹ፣
"ባዶውን ተዉት፤ በረዶ እሱ ነው አንዳንዴ።"
አንዲት ሴት ከሸራው ፊት ቆማ፣ ሆዷን በእጇ ይዛ፣
"ይሄን ሰማይ አውቀዋለሁ" አለች፣
"ትርፍ አንጀቴ የወጣ ዕለት ስነቃ ያየሁት።"

ከማዘጋጃ ቤት ቅጽ ላኩልን፦ "ገቢ፣ ወጪ፣ ትርፍ።"
ገቢውን ዘለልኩ፣ ወጪውን ዘለልኩ፤
ትርፍ በሚለው ላይ "አሥራ ሁለት ባልዲ" ብዬ ጻፍኩ፣
"ዘጠኙ አልቋል።"
መልስ አልመጣም እስካሁን።

ቴአትሩ ሌላ ጣጣ ነው። ንጉሡ ኤልጉጃ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ፣
"ዙፋኔ" ባለ ቁጥር ከደረቱ ሳል የሚመጣ፤
ሳሉን ጽሑፉ ውስጥ አስገባነው፣ ንጉሥ ቢስል ምን ነውር አለው?
ሦስት ወር ተለማመድን፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማው፣
"አታስተኙንም?" እያሉ በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡን፣
አስቀድሞ የመጣ ጭብጨባ ነው አልን።

የትዕይንቱ ምሽት ኤልጉጃ አልመጣም፤
የሌሊት ፈረቃ ተጠራ፣ እምቢ ያለ ደግሞ ነገ አይጠራም።

ካፖርቱን ወንበር ላይ አስቀመጥን፣ የቆርቆሮ ዘውዱን ከላይ፤
ንግሥቲቱ ተራዋ ደረሰ፦ "ጌታዬ፣ በሩን ልክፈት ወይ?"
ካፖርቱ ዝም።
እኔ ከበሩ ጥግ ቁልፌን ጨበጥኩ፣ ስለ ሁላችን አፈርኩ።

ከኋላ ረድፍ፣ በመጥረጊያ ከደበደቡን አንዷ፣ ብድግ ሳትል፣
"ክፈቺው፤ የውጪው ብርድ ከውስጡ አይከፋም" አለች፣
አንድ ቃል ሳትስት።
ቀጥሎ ዳቦ ሻጩ። ቀጥሎ ሁለት ልጆች፣ እኩል።
ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ፣
አንድ ንጉሥ በመቶ አፍ፤
ሳሉን እንኳ ሳይዘሉ፣
በቦታው፣ በልኩ፣ ንጉሡን ሳሉ።

ማልኻዝ አንዴ ብቻ አነሳ፣ ፊልሙ የቀረው ለአንድ ነበር።

ኤልጉጃ ማክሰኞ መጣ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ቆቡ በእጁ፤
ፎቶው ፊት ብዙ ቆመ፦ ባዶ ካፖርት፣ የተከፈቱ አፎች፣
ጥግ ላይ ያ መብረቁ።
"እኔ ሳልኖር" አለ፣ "እንዲህ መብዛቴ?"
ከዚያ ሳለ፣ ረዥም ሳል፣ እውነተኛውን፤
ማናችንም አልተቀበልነውም።

"የመጥረጉ ተራ የማን ነው?" አልኩ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።
ሰሌዳውን አየን። የእሱ ነው።
ካፖርቱን ከወንበሩ አንስቶ ለበሰ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣
"ሰፍቶኛል" አለ፤
መጥረጊያውንም አነሳ።