የተመለሰ ከረጢት

ቦራ የሚሉት ነፋስ ከኮረብታው ወርዶ፣
ጃንጥላ ሰባብሮ፣ የአጥር ግንብ ንዶ፣
በሦስተኛው ቀኑ ሲደክመው፣ ሲያባራ፣
ሊቪዮ ከደጅ ገባ፣ ከረጢት ይዞ በግራ።

«የእናቴ ነው» አለ፤ «ጊዜው ያለፈበት
አለ፣ ያላለፈም፤ እኔ ምን አውቄበት።
ቆሻሻ ውስጥ መጣል አይገባም ብለውኛል፣
ሽንት ቤት መድፋትም፤ ላንቺ መስጠት ይሻለኛል።»

ኒቬስ ኮሹታ ናት። ሰማንያ አንድ ዓመት።
በየወሩ ማክሰኞ በዚህ ባንኮኒ ፊት
ሳንቲም የምትቆጥር ከትንሽ ቦርሳ፣
ስሜን ብነግራትም «ዶቶሬሳ፣ ዶቶሬሳ»።

ጓንት አጠለቅሁና ዘረገፍኩት ሁሉን።
ሰው ሲሞት የሚተወው ደብዳቤ ነው ቢሉን፣
እኔ የማነበው የብር ቅጠሉን፣
የትኛው ጉድጓድ ባዶ፣ የትኛው ሙሉ መሆኑን።

የደም ግፊቱ ክኒን አንድ ፍሬ አልቀረ።
ደረቅ ሳል ቢያስላት ሐኪም ለወጠላት፤
«ከአልጋ ሲነሡ ቀስ ይበሉ» ስላት፣
«ቸኩዬ የት ልደርስ!» ትለኝ ነበረ።

ውሃ የሚያሸናው፦ ስድስቱ ቀን ተበስቷል፣
ሐሙስ፣ ሁሌም ሐሙስ፣ እንዳለ ተቀምጧል።
ሐሙስ በአውቶቡስ ኦፒቺና ወጥታ
ሦስት ባልቴቶችን በካርታ ልትረታ፣
ወንበሯን እንዳትለቅ፣ ተራዋ እንዳያልፋት፣
ክኒኑን ታስቀራለች። ካርታውን ነግራኛለች፣ ይህን ግን ደብቃኝ ናት።
አሁን ከእሽጉ ላይ አንብቤው ሳውቅ፣
ሳልወድ በግድ መጣ በከንፈሬ ሣቅ።

የእንቅልፉ ሣጥኖች፣ ሦስቱም እንደታሸጉ።
«ከወይን ጋር እንዳይሆን፤ ከለመዱትም ወዲያ
በአንድ ቀን አይተዉት» — ያን ሁሉ ማስጠንቀቂያ
ላልተዋጠ ክኒን ነው ያዘነብኩት ለካ።
ለክፉ ቀን ይሆናል። የትኛው ክፉ ቀን?
ሣጥን አይናገርም፤ እኔም ዘለልኩ ያን።

ደም ማቅጠኛዋን ግን ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጠርኩ።
ትክክል ነው። ካርዱ ላይ፣ በሰማያዊ እርሳስ፣
የየወሩ ምርመራ፣ ቁጥሩ ሳይፋለስ፤
ጎመን የበላችበት ቀን፣ «አንድ ጭልፋ» ተጽፎ፣
ካለፈው ሳምንት ጋራ እኩል ተሰልፎ።

ከታች፣ ከብስኩት ቆርቆሮ፣ አንድ ሣጥን ወጣ፣
የእኛ ምልክት የሌለው፣ ከድንበር ማዶ የመጣ።
ኢቡፕሮፌን። ባለ አራት መቶ። ሊያልቅ ሁለት የቀረው።
ከደም ማቅጠኛ ጋራ ጭራሽ የማይደፈረው፣
ጨጓራን የሚልጠው፣ ኩላሊት የሚያደክመው፣
ለሌላ ሰው እፎይታ፣ ለእሷ ደም የሚያፈሰው።

ባለፈው ወር ቦራ ከደረጃ ጣላት፤
ቀላል ግጭት ነበር፣ ግንባሯን የነካት።
ሌላ ሰው ይነሣል ልብሱን አራግፎ፤
የእሷ ደም ግን ሲፈስ አደረ፣ መርጋት አቅሙን አልፎ።

ሊቪዮ ሣጥኑን አየና ፊቱ ትንሽ በራ።
«ይሄንንማ እኔ ነኝ፤ ሴዣና ስሠራ
ለጉልበቷ የገዛሁት። ‹ለሐኪሙ እንዳትነግር፣ ሌላ ይጨምርብኛል›
ትለኝ ነበር . . . ግን እሱስ፣ ጠቅሟት ይሆናል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»
ይላሉ አባቶች፤ መድኃኒት ለደበቀ ያሉትን አላውቅም።
እኔስ? «ሌላ የሚወስዱት?» ብዬ ጠየቅኳት አንዴ፣
ስድስት ዓመት ሆነው።
ያን ሁሉ ዘመን የሰው ጉልበት
ሳያመው ይቀራል እንዴ?

«ጉልበቷን አሳርፏታል» አልኩት። ውሸት አይደለም።
ከዚያ ወዲያ ያለውን አንደበቴ አልደፈረም።
አመስግኖኝ ወጣ፣ ኮሌታውን አቁሞ።
ሣጥኑ እጄ ላይ ቀረ፣ ከሁሉ በኋላ
ወደ በርሚሉ ወረደ፣ ቀሎ፣ ምንም ሳይመስል።

ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ፣ የመርከብ ሠራተኛ፣
«ኢቡፕሮፌን» አለኝ፣ ሳንቲሙን አስቀምጦ።
«ለማን ነው?» «ለአባቴ።» «ዕድሜው?» «ሰባ አራት።»
«ልቡን ያመዋል? ኩላሊቱንስ? ደም የሚያቀጥን አለው?
ጎረቤት የሰጠው? ከመሳቢያ የቆየ? ያልነገራችሁ፣ የሸሸገው?»
ሰልፉ አጉረመረመ። አንዲት ሴት ሰዓቷን አየች፣
አንዱ «አስፕሪን ለመግዛት ፍርድ ቤት ነው!» አለኝ።
ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ አባቱን ጠራልኝ፤
ወረቀት ሳብኩና፣ «አንድ በአንድ» አልኩ፣ «ቁጠርልኝ።»