ባሕር አላውቅም አልኳት

«ዓይንህን ጨፍን» አለች ሲስተር አንችናሉ፤
ደጀን ጤና ጣቢያ፣ ተረኞች በር ላይ ተደርድረው ሲስሉ።
«ትንፋሽህን ሳበው፣ ቀስ ብለህ ልቀቀው፣
ባሕር ዳርቻ ነህ፣ አሸዋው ለስላሳ፣ ሙቀቱን ዕወቀው።»
ከወረቀት ነበር የምታነበው እሷ፣
‹ማዕበል› የሚል ቃል አደናቅፏት ቆመ ምላሷ።

ባሕር አላውቅም አልኳት።
ጤፍ ከቢቸና ጭኜ፣ ዘይትና ሳሙና ይዤ የምመለስ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ገደል መንገድ የምወርድ፣ የምፈስ፣
የአይሱዙ ሾፌር ነኝ።
ጣናን እንኳ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ማታ፣ ጎማ ስቀይር፤
ጥቁር ነበር፤ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ሌላ ምን ልናገር?

ሳቀች። ወረቀቱን አጠፈችው ለሁለት።
«እንግዲያው የምታጨስበትን ንገረኝ፤ እንጀምር ከእውነት።»

ነገርኳት።
ደጀን አፋፉ ላይ፣ ሳልወርድ በፊት አንድ፣
ማርሹን ሁለት አግብቼ ኩርባው ሲጀምር አንድ፣
ፍሬን ሲሸት አንድ፤ ባይሸት ደግሞ፣ ስላልሸተተ አንድ፤
ድልድዩ ጋ ፖሊስ መታወቂያ ሲያይ፣
ዝንጀሮ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ እኔን ሲያይ።
ጎሐ ጽዮን ስደርስ ፓኬቱ ባዶ ነው፤
ስጦታው ረዳቴ፣ ሳላዘው ወርዶ፣ ሌላ ገዝቶ ነው የሚመለሰው።

«ጨፍን» አለች ደግማ። «መሪህን ጨብጥ።
ማለዳ ነው፣ አፋፍ ላይ ነህ፣ ጭነትህ ሙሉ ነው።
አንዳች ሳትለውጥ የምታየውን ግለጥ።»

ጉም።
ገደሉ እስከ አፉ በጉም ተሞልቷል፣
የተነደፈ ጥጥ፤ ዛፉ፣ መንደሩ፣ ወንዙ ውስጡ ጠፍቷል።
«ያ ገደል» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀረበና፣ «ያንተ ደረት ይሁን፤
አትንዳ። አትቸኩል። ቁም እዚያው አፋፉ ላይ፣ ጠብቅ ጀምበሯን።»

ቆምኩ።
መጀመሪያ አንድ ግራር፣ ራሱ ብቻ ወጣ፣
ቀጥሎ የኩራር ቆርቆሮ ብልጭ አለ፤ ፀሐይ ነው የመጣ።
ጉሙ ቀጠነ፣ ተበጠሰ፣ እየተጠቀለለ ሽቅብ ሄደ፣
ዓይኔ ሁለቱን ድልድይ፣ አሮጌና አዲሱን፣ ሊያይ ቁልቁል ወረደ።
ከዚያ ወንዙ። ቡናማ። ሳይቸኩል የሚሄድ።
ሁልጊዜ የምሰማው ሞተሬን ነበር፤
ያን ቀን ውኃውን ሰማሁት ድንጋይ ላይ ሲነጉድ።

ደረቴ ተከፈተ አልልም፤ ውሸት ነው።
ሳል መጣብኝ ብቻ፤ ዓይኔን ስገልጥ እንባ አለው።
«ምን አየህ?»
«ሥሩን» አልኳት።

በማግስቱ አፋፉ ላይ መኪናዬን አቆምኩ፤
ሞተር አላጠፋሁም፤ እጄን መሪው ላይ ጥዬ ጨፈንኩ።
«ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?» ይላል ስጦታው፣
«ዝም በል» እለዋለሁ፣ «ጉም እያስወጣሁ ነው።»
ለጫኝና አውራጆች ነገራቸው መሰለኝ፤
ሰላምታ ሲሰጡኝ «ጉሙስ?» እያሉ ነው የሚጨብጡኝ።

በአራተኛው ቀን ፍልቅልቅ ላይ ጎማ ፈነዳ፤
ክሪክ አጥቼ ቀኑን ሙሉ ቆሜ በዚያ እሳት ሜዳ፣
ሁለት ፍሬ አጨስኩ፤ አንዱን ለጎማው፣ አንዱን ለንዴቱ ዕዳ።
ለሲስተር ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ጻፈችው።
«ጉሙስ» አለች፣ «ለምዶበት የለ? ነገም ይሞላል፤
አንተም ነገ አፋፉ ላይ ጠብቀው።»

ኅዳር ገባ።
አሁንም ኩርባው ሲጀምር እጄ ኪሴን ይዳብሳል፤
ቆሎ ነው ያለው፤ ጣቴ አይቶ እንዳላየ፣ አኩርፎ ይመለሳል።

ትናንት፣ ከቢቸና ጭነን፣ መስኮቱ ግማሽ ተከፍቶ፣
አንድ ነገር ሸተተኝ፤ ደረቅ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ አቧራ ውስጥ ገብቶ፣
የልጅነት አውድማ የመሰለ።
«ስጦታው፣ ይኼ ሽታ ምንድን ነው?» አልኩት፤
መንገዱን ትቶ ፊቴን አየ፤ የቀለድኩ መሰለው፤ ሳቅ አለ።

«ጤፍ ነዋ፣ ጋሽ ልየው።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጫንከው።»