በማን ሰዓት?

ካርታው ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ቀኑ ነው ከዘረጋሁት፤
እሷም አላጠፈች፣ እኔም አላጠፍኩት፤
እራት ስበላ ነው ካናዳን በክርኔ ገፋ ያደረግኩት።
አንዱን ጫፍ የጨው ዕቃ፣ አንዱን የአስካለ መነጽር ተጭኖት፣
ባሕር ዳር ያለችው ከተማ ስሟ ላይ የምስር ወጥ ነጥቦት፣
እንዲሁ ተኝቷል፣
ሰው እንደሚጠብቅ ዓይኑን ገልጦ ውሏል።

እኔ ከሌሊቱ ስምንት ላይ እነሣለሁ፣
የፖርትላንድን ዳቦ ሱቅ ለሱቅ አድላለሁ።
እሷ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ትወጣለች፣
የሰው አባት፣ የሰው እናት አጥባ፣ ኪኒን ሰጥታ ታስተኛለች።
ስትመለስ እኔ ግንድ ነኝ፤
ስነቃ እሷ ድንጋይ ነች።
በመካከል ግማሽ ሰዓት አለች፣
እሷም በጫማ ማሰር ታልቃለች።

ስለዚህ ጉዞውን የምናወራው በካርታው ግርጌና ራስ፣
እሷ በቀይ እስክሪብቶ፣ እኔ በእርሳስ፦

«ሦስት ሌሊት ብቻ፤ አራተኛውን አለቃዬ ከለከለኝ።»
«ሦስትም በረከት ነው። ፓስፖርትሽ የት ገባ? ፍለጋው ገደለኝ።»
«ድንበር ላይ ሲጠይቁህ በርበሬውን ተናገር፣ እንዳትደብቅ።»
«በርበሬ ለሦስት ቀን?»
«አሣቸው ጨው የለውም፤ ቀምሰህ ታያለህ፣ ጠብቅ።»
«በጫካው በኩል በማታ አልሄድም፤ ፈረስ የሚያህል አጋዘን መንገድ ያቋርጣል።»
«በቀን ነው የምንሄደው፤ በቀን እሱም ይተኛል።»
«ባሕር የሚያሳየው ክፍል ሠላሳ ዶላር ይጨምራል።»
«የጓሮውን ያዢ። ባሕሩን ወርደን ብናየው ማን ይከለክለናል?»
«ሠላሳዋን ከፍያለሁ።»

ከዚያ በታች፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦
«የምነዳው እኔ ነኝ።»
መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሰባት ወሯ ነው።
መልስ ጻፍኩ፤ አነበብኩት፤ በላጲስ አጠፋሁት፤
የእርሳስ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ግን ደሴቷ ነች።
ድልድይ የላትም፤ መንገዷ የባሕር ወለል ነው፣ እርጥብ ጠጠር፣
ውሃው ሲሸሽ መኪና ይሻገራል፣
ሲያሻው ተመልሶ ይሸፍነዋል፣
ያለ ሙሴ፣ ያለ በትር።

አስካለ ጻፈች፦ «ቅዳሜ ስድስት ላይ መሻገር ይቻላል።»

ስድስት! በማን ሰዓት?
በኛ ከሆነ እኩለ ቀን ነው፣ በነሱ ከሆነ ገና ንጋት፤
ደግሞ ድንበሩን ስንሻገር ካናዳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤
ይህችን ስሌት የሳተች መኪና የአሣ ቤት ትሆናለች።
ለሥራ ሲሆን በነሱ እንቆጥራለን፣ ለራሳችን ሲሆን በኛ፤
ይህ ስድስት የማን ነው ታዲያ?
የአሠሪዎቻችን ነው፣ ወይስ የኛ?

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ
ዳቦ መኪናው ውስጥ በስልኬ ገልጬ አየሁት፤
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
የት እንደማውቀው አሰብኩት።
ማቀዝቀዣችን ላይ የተለጠፈው የሁለታችን ፈረቃ ነው፣ ቁርጥ፤
አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣
መካከል ላይ አንዲት መንገድ፣
ለግማሽ ሰዓት የምትገለጥ።

ዛሬ ፈጥኜ ገባሁ፤ የቀኝ ጫማዋን እያሰረች ነው።
«ስድስት ያልሽው፣» አልኳት፣ «በማን ሰዓት ነው?»
ቀና ሳትል፦ «በኛ ነዋ።
የካናዳንም ጨምሬበታለሁ።»
የግራውን አሰረች።
«እንደ ሥራ እንድቆጥረው ፈለግህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

በመስኮት አየኋት ከግቢው ወደ ኋላ ስትወጣ፤
አንዴ በመስተዋት፣ አንዴ ዞራ፣
የጎረቤቱን የቆሻሻ በርሜል በስንዝር አልፋ፣ ሳትነካ።

ጠረጴዛው ጋ ተመለስኩ። መነጽሯን ረስታለች፤
ለካ ለማንበቢያ ብቻ ነው የምታደርገው፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።
እርሳሱን አነሣሁ፣
ከቀዩ መስመር ሥር ጻፍኩ፦
«እሺ። ካርታውን ግን እኔ ልያዝ።»
ላጲሱን ወደ መሳቢያው ከተትኩ፣
ልተኛ ሄድኩ።