መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው

ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፣ ጣት አይታጠፍም፤
ወሰንየለህ ግን ከኮዱ አያርፍም።
ስም በሚሸሽገው በሠራነው ጓዳ
አንድ ስህተት አለ፣ ያልከፈልነው ዕዳ።
ጠቋሚው ስም የለው፣ መዝገቡን አያይዞ
እንዲህ ጽፎልናል፣ ጥቂት ቃል መዝዞ፦
«ስሜን ሸሸጋችሁ፣ ሰዓቴ ግን ወጣ፤
የሚያደባ ያውቃል ስሄድና ስመጣ።»

ማክሰኞ ሁለት ተኩል። ሐሙስም። ቅዳሜም።
በዚያው ደቂቃ ነው እኛም ቤት የሚጨልም።
ጠባሴ ነው ያለው! ተነሣሁ ወደ መስኮት፣
ማን ሻማ እንዳበራ ማዶ ለመመልከት፤
ወሰን «ተው» አለኝ።
ተውኩት።

ሲነጋ ጨረስነው፦ ያለው እንደ ሄደ፣
የሄደው እንዳለ፣ ዱካው ተጋረደ።
«ተፈትቷል» ብለን ዘጋን።
ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አምስት ሰው ነበረ፤
ለሁሉም እኩል እጅ ነሣሁ።