ግማሽ ማኅተም

አው ሹኩር፣
በባቡሩ ፖስታ ፉርጎ ዕድሜውን የቆጠረ፣
ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ ከከረጢት ጋር ያደረ፣
ጡረታ ሲወጣ ደቻቱ ዳር አንዲት ክፍል ነበረችው፤
እስከ አልጋዋ ድረስ በካርቶን የሞላት፣
ለሱ ያልተጻፈ ሰላምታ ያጨናነቃት።

እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ወረንጦ አቀባይ።
(አንተ ነው የምለው፤ ድሬ አንቱ አያውቅም።)
"ቴምብር አይጎተትም" ይለኝ ነበር፣ "እይ፤
ለብ ያለ ውኃ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ
አስተኛውና ጠብቅ። ሙጫም እንደ ሰው ነው፤
መያዙን ሲረሳ ራሱ ይለቃል፣ ማንም ሳያዝዘው።"

ደግሞ ነበር ውኃ የማይነካው፣ ከነፖስታው የተቀመጠ፣
ማኅተሙ አንድ እግሩን ቴምብሩ ላይ፣ አንዱን ወረቀቱ ላይ የረገጠ፤
ጥቁር ክብ፦ "ድሬ" ከፖስታው፣ "ዳዋ" ከባለ አራት መሐለቁ አንበሳ ጀርባ።
"ይህን የነጠለ ሰው" ይል ነበር፣ "ኪሱ ሳንቲም አይግባ።"

አንድ የነሐሴ ሌሊት ደቻቱ መጣ።
ስለ ሰዎቹ አልናገርም፤ የሚበቃቸው ቃል ከአፌ አይወጣ።
ስለ ወረቀቱ ግን፦
ያ ውኃ ለብ አላለም፣ ሙጫ እስኪረሳ አልጠበቀም፤
የአርባ ዓመቱን ሥራ ባንድ ሌሊት ሠራው፣ ወረንጦ አልጠየቀም።
ሲነጋ አንበሳው፣ ሚዳቋው፣ አውሮፕላኑ አሸዋ ላይ ተበትኖ፣
አንዱ ተለጥፎ አየሁት የአህያ ጆሮ ላይ፣ ጌጥ ሆኖ።

የተረፈን አንድ ፖስታ ነው። ቀኝ ጥጉ ባዶ፤
"ድሬ" ብቻ ቀርቷል፣ ክቡ መሐል ላይ ተጎርዶ።

ስንት ዓመት "ዳዋ"ን ፈለግኩ!
ታይዋን ገበያ፣ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ደጅ፣ የሟች ሣጥን ሲሸጥ ቆምኩ።
በመጨረሻ ሐረር፣ መኪና ግርግር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ
የቁልፍ ጣሳ ሥር አገኘሁት፤ ባለ አራት መሐለቅ፣ አንድ።
"ዳዋ" ይላል፣ ጥርት ብሎ።
ሰፊው በሱሪ ቁልፍ ዋጋ ሸጠልኝ፣
እየሳቀብኝ።

ፖስታው ላይ አስጠጋሁት። ክቡ ገጠመ።
ቀለሙ ግን... የኛው ጥቁር ነው፣ የዚህ ወይን ጠጅ።
ሌላ ቀን፣ ሌላ እጅ።

አው ሹኩር ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል።
ጣቱን ይዤ በክቡ ዙሪያ አዞርኩለት።
"ድሬ... ዳዋ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣
ለተሳፋሪ ጣቢያ እንደሚጠራ ሰው።
ከዚያ፣ "ቀለሙስ?" አለኝ።

ለብ ያለ ውኃ ላይ እንደተኛ ቴምብር ዝም አልኩ።

ጠበቀኝ።