ጠመኔ

ሉብልያና፣ ጥር ወር። ወንዙ ጭጋግ ለብሷል።
አንድ አዛውንት መጥቶ ከምድር ቤቴ ደርሷል፤
ባርኔጣው በብብቱ፣ በእጁ የብስኩት ጣሳ፤
ቦጎሚር ነው ስሙ። ቁጭ አለና ተነሣ።
«አባቴ ነው» አለኝ፣ ከጣሳው ውስጥ አውጥቶ፣
ለአራት የታጠፈ፣ ጠርዙ በጣት ተበልቶ።
«በጦርነቱ ነው ከእስር ቤት የጻፈው፤
እናቴ በየገናው ጮኻ የምታነበው።
ሙዚየሙ ይፈልገዋል፤ ግን ‹ይመርመር› አለ፤
ምን ምርመራ ያሻዋል? ቃሉ ይኸው አለ።»

ወረቀት ሲጠይቁት ዝም አይልም።
ከቀይ በታች ያለው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ሲነካው
እያንዳንዱ ዘር ከብርሃኑ ድርሻውን ይቆርጣል፤
የተቆረጠበት ቦታ ገደል ሆኖ ይሣላል።
ከአሮጌ ሸሚዝ የተቀቀለው፣ በአጥንት ሙጫ የተቀባው፣
አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ ጎንበስ ይላል፤
የከብቱ ቆዳ ትዝ ይለዋል።
ከጥድ የተፈጨው፣ የጋዜጣው፣
አንድ ሺህ አምስት መቶ አምስት ላይ
እንጨትነቱን ይናዘዛል።
ነጭ ሸክላ የተለቀለቀው መጽሔት
ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ወዲያ ሁለት ጥርስ ያወጣል።
ሃያ ሁለት ዓመት ነው የማውቃቸው፤
እንደ ጎረቤት ሳል እለያቸዋለሁ።

ደብዳቤውን ከአልማዟ ሥር አስተኛሁት።
(ሽንብራ ክክ አታክልም፤ ግን ስትጫን ታውቅበታለች።)
መስመሩ ተሣለ።
ሸሚዝ አይደለም። ጋዜጣም አይደለም።
አንድ ሺህ አራት መቶ ሃያ ላይ ሰፊ ገደል፣
ስምንት መቶ ሰባ አምስት ላይ ቀጭን መርፌ፦
ጠመኔ።
እንዲህ ጠመኔ የጠጣ ወረቀት
የታሰረው ሰው ከተቀበረ
ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው ከፋብሪካው የሚወጣው።

ነገርኩት። ፊቱ ግን ጭራሽ በራ።
«እናቴ አስተማሪ ነበረች፤
አርባ ዓመት በሰሌዳ ፊት የኖረች፤
ማታ ስትገባ እስከ ክርኗ ነጭ ነበረች።
የእጇ ብናኝ ነው!» አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጨረሩ ከቆዳው ብዙም አይዘልቅም።
ስለዚህ የእጥፉን ስንጥቅ ፈለግሁ፣
ጣት ያልገባበትን፣ ቃጫው የተበጠሰበትን፤
እዚያም አስነካሁት።
ያው ገደል። ያው መርፌ።
እስከ አንጀቱ ጠመኔ ነው።

ጣሳውን ከፈተ፤ ዘጋው።
ከዚያ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው፣
«ልጅ ሳለሁ» አለ፣ «እጥፉ ለሦስት ነበር።
አራት ሆኖ ባየው ጊዜ
ዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

በእጇ ላይ ሲያልቅ እየገለበጠች ኖራ ይሆን?
ወይስ የመጀመሪያውም የራሷ ነበር፣
አባት ላጣ ልጅ የተጻፈ?
ቃጫን ጠይቄ የማገኘው ቃጫ ነው፤
ማን ለማን ቃል እንዳበደረ የሚያሳይ ገደል የለም።

ለሙዚየሙ ጻፍኩ፦ «ወረቀቱ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ። ሙሊቱ ጠመኔ።»
‹ተጨማሪ አስተያየት› የሚለውን ሣጥን ባዶ ተውኩት።

እሱ በአሮጌው መስመር ለአራት ሊያጥፈው ጀመረ፤ ተወው።
ለሦስት አጠፈው።
ለጣሳው ረዘመ።
ክዳኑን ሳይገጥም ታቅፎት ወጣ፤
ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር።