ምልክት ቁጥር ዜሮ

ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ ብርኖ በረዶ ለብሳለች፣
የመጨረሻዋ ትራም ዢደኒጼን አልፋ ሄዳለች፤
እኔ፣ አንድ ሂደት አልሞት ብሎኝ፣
የከርነሉን ኮድ መስመር በመስመር እከተላለሁ፣ እንቅልፍ ርቆኝ።

የደም ባንኩ ማሽን ላይ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የፈዘዘ፣
አንዲት ፋይል ሊያነብ ሄዶ መሐል መንገድ የደነዘዘ።
አሥራ አምስትን ላክሁበት፣ "እባክህ ሙት" የሚለውን፣ በትሕትና፤
ዝም አለ። ደገምሁ። ዝም አለ እንደገና።
ዘጠኝን ላክሁ፤ ይግባኝ የሌለውን፣
ጆሮ ደፍኖ፣ ጭንብል አጥልቆ ማንም የማያመልጠውን።
ዘጠኝ ሄደና ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ።
ሂደቱ እንደተኛ አደረ።

እስቲ ልከተለው አልሁ፤ ከእጄ ሲወጣ የት ይደርሳል?
ማን ይቀበለዋል? ማንስ ይመልሳል?

መጀመሪያ በረኛው ይጠይቃል፦ ላኪው ማነው? ሥልጣን አለው?
ከዚያ ስድሳ አራት መብራት ይመጣል፣ በአንድ ረድፍ የተደረደረው፤
አንዷ ትበራለች። አለቀ።
መላክ ጥይት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ደብዳቤ ነው፣
በበር ሥር ሾልኮ ባለቤቱን የሚጠብቀው።

ባለቤቱ ቤት የለም፤ ከርነሉ ዘንድ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሄዷል፣
ተመልሶ የገዛ ደጃፉን ሲረግጥ፣ ያኔ ጎንበስ ብሎ ያነበዋል።
ደጃፉን ካልረገጠ
ሞቱ እንኳ አያገኘው።
አሥሬ ብትልክበትም አንድ ነው፤
የበራ መብራት ደግሞ አይበራ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥሁ።
ምክንያቱም ታች ቤት አቶ ሽፓቼክ አሉ፣
ሠላሳ ዓመት ትራም ነድተው ጡረታ የወጡ፤
ወንበሬን ስጎትት የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ይመታሉ፣
ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አንድ፣ እንደተቆጡ።
ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ እደፋለሁ፤
ጭንብል ይሉታል በሙያችን፣
"በኋላ አያለሁ።"

ዛሬ ወንበሬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ቧንቧው ዝም።
ትናንትስ? ሰኞስ?
አላውቅም።
መብራቷን አይቼ አላነበብሁም።

ወደ ኮዱ ተመለስሁ። ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለ ከርነሉ ዘንድ፤
አንደኛው ሲጠሩት የሚነቃ፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው፤
ሌላው የዲስክ መልስ የሚጠብቅ፣ ስሙን ቢጠሩት የማይሰማ፣
ሞት ራሱ ቢመጣ ወረፋ የሚያስይዘው።
የእኔው እዚያ ነው። ዲስኩን ደግሞ ቮይቴኽ ማክሰኞ ነቅሎ፣
ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮታል፣ ከግማሽ ሳንድዊች ጎን።
ለማይመጣ መልስ ተኝቷል።

ከምልክቶቹ መሐል ደግሞ አንድ አለ፣ ዜሮ፤
አይገድልም፣ አያቆምም፣ መብራትም አያበራ፣
መዝገብ ገልጦ "አለ" ወይም "የለም" ብሎ መመለስ ነው የእሱ ሥራ።
አለህ? አለሁ።
ግን እሱም ይሳሳታል፤ ሞቶ ያልተቀበረውንም፣
ወላጁ መጥቶ ያላነሣውንም፣
"አለ" ይላል፣ ስሙ መዝገብ ላይ እስካለ።

ማንኪያ አነሣሁ። ቧንቧውን መታሁት፣ አንዴ ብቻ።
ምንም።
በካልሲ የራሴን ደጃፍ ረገጥሁ፤ ደረጃው ቀዝቃዛ ነው፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከበሩ ሥር ቢጫ ብርሃን፣
እጄን ሳነሣ ተከፈተ።
አቶ ሽፓቼክ፣ ሹራባቸው ተገልብጦ፣ ጆሯቸው በጥጥ ተወትፎ፣
"ከሰኞ ወዲህ አልሰማም!" አሉ፣ እየጮሁ፣
"እጄን ላሞቅ ቧንቧው ላይ ባሳርፍ መዳፌን መታኝ። አንቺ ነሽ፣ ቭላስታ?
ምን ፈለግሽ?"
"ምንም" አልሁ።
አልሰሙኝም።
"አለሁ፣ አለሁ" አሉ፣ በሩን እየዘጉ።

ላይ ስመለስ ሂደቱ ተኝቷል፣ ዘጠኝ ደጃፉ ላይ ቆሟል።
ወንበሬን አንሥቼ አስጠጋሁት፣
ባይሰሙም።